አጎበሩ ስር ማን ተኛ?

  

የማስተምርባት ከተማ የቦርከና ወንዝ አቋርጦት ከሚያልፈው ከጨፋ ሜዳ ዳር ያለች የቆላ ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት እንደተጀመረ ክፍሉ ይሳሳል። ስም ስጠራ ከአጠገቡ ያለው ልጅ ይመልስልኛል፤ “ወባ ይዞት ነው።” ቀጥሎ ያለችውም፣ “ወባ ይዟት ነው።” ዓመት በዓመት የምሰማው መልስ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የዕለቱን ትምህርት ትቼ ልጆቹን ጠየቅኋቸው።

“ወባ በምን ይተላለፋል?” እጆች ሁሉ ወጡ። በትንኝ ንክሻ ነው። አንዷ እንዲያውም ሴቷ አኖፊለስ መሆኗን ጨምራ ነገረችኝ። “መከላከያውስ?” አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭት፣ ያቆረ ውሃ ማፋሰስ፤ እንደ አሊፍ ባ ታ በአንድ ድምፅ አወረዱት። ማሻአላህ አልኩ። “እሺ፣ ትናንት ማታ አጎበር ስር የተኛ እጁን ያውጣ።” ክፍሉ ጸጥ አለ። ከወጡት እጆች ያልወጡት እጅግ ይበዙ ነበር። “ቤታችሁ አጎበር የለም እንዴ?” አለ፤ የሁሉም ቤት ማለት ይቻላል አለ። “ታዲያ ስሩ ማን ነው የሚተኛው?”

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የወጣው። የአንዱ ቤት አጎበር ከአባትየው አልጋ በላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ከታች ሰሌን ላይ ይተኛሉ። የአንዷ ቤት አጎበር ለእንግዳ ተብሎ ከነፌስታሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሌላው ገብስ ተሸፍኖበታል። አንዱ አጎበሩ ተገምዶ የፍየል ማሰሪያ መሆኑን ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዲት ልጅ ነጩ አጎበር ከፈን ስለሚመስላት እንደምትፈራ ተናገረች። ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ፣ “እኔ የምተኛው ማሳ ላይ ነው፤ ማሽላ እጠብቃለሁ” አለ። እሱ ሲናገር ማንም አልሳቀም።

የጤና ባለሙያዎች የአንድን ኅብረተሰብ ሁኔታ ሲያጠኑ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ሕዝቡ ምን ያውቃል? ምን ያስባል? ምን ያደርጋል? እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ ትቻለሁ። ልጆቻችን ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን። ችግራችን ከዕውቀቱ እስከ መኝታው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስታወስ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ያኔ አጎበርም፣ በየቀበሌው ጤና ኬላም አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም እያሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል። የሟቹ ቁጥር ከድሮው ጋር ሲነጻጸር መቀነሱ መድኃኒቱና ሕክምናው ስለቀረበልን ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። የታማሚው ብዛት ግን ትንኟ ዛሬም እንደልቧ እንደምትበላን ይናገራል።

ስለ አመለካከት ሲነሳ በእሸት በቆሎ ልጀምር። አካባቢያችን ያሉ አዛውንቶች ወባ የሚመጣው እሸት ከመብላት፣ አገዳ ከመምጠጥ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ልጆቻቸውን ሲቆጡ፣ “አትብላ ብዬህ! ንዳዱ ይይዝሃል!” ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ። እኔም የሳይንስ አስተማሪ መሆኔን ሊያሳውቅልኝ ስለፈለግሁ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ሳቅሁ። እሳቸውም፣ “ሳቅ የኔ ልጅ፤ በቆሎው ሲያብብ ግን ቁጠር” አሉኝ።

ኋላ ላይ ሳነብ አፈርኩ። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ሰፈር ወባም አብሮ ይበዛል። ምክንያቱ ግን እሸቱ ሆድ ውስጥ መግባቱ አይደለም። በቆሎው ሲያብብ ከራሱ ላይ የሚረግፈው እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከማሳው አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ ያርፋል። የወባ ትንኝ እጮች ያንን ይመገባሉ፤ በእሱም ፈጥነው ያድጋሉ፣ ገዘፍ ያሉና ዕድሜያቸው የረዘመ ትንኞች ይሆናሉ። እንግዲህ እኒያ እናት ዘመኑንና ቦታውን በትክክል አይተዋል። የጎደላቸው በመካከል ያለችው ትንኝ ብቻ ነበረች። ለእሳቸው ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ በሕንድ አገር ያገለግል የነበረው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኝ ድረስ የተማረው ዓለምም አያውቅም ነበር። ማላሪያ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከእኒያ እናት ጋር የምነጋገረው በሌላ መንገድ ነው። “እውነትዎን ነው፣ በቆሎው አለበት። እንግዲያው ከቤቱ ራቅ አድርገን እንዝራው፤ ከግርግዳው ስር ያለውንም ጉድጓድ እንድፈነው” አልኳቸው። ልጃቸው በማግስቱ ጉድጓዱን ሞላው። ስቄባቸው ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር? በነገራችን ላይ እሸቱን ዛሬም ለልጆቹ አይሰጡም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ከእሸት በቆሎው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው አመለካከት ነው፤ እሱም በዲናችን ስም የሚነገረው። “ከመጣ ይመጣል፤ የአላህ ቀደር ነው” የሚለው።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ካልነገርኳችሁ አልችልም። በ1996 ዓ.ም. መስከረም እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመደበኛው ትምህርት ዕረፍት ወስጄ በቆላ ከሚገኝ አንድ ዛዊያ ኪታብ ለመቅራት ከገቡት ደረሳዎች አንዱ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ወባ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። ከእኔ ጎን የሚተኛው ልጅ የመጣው ከለጋምቦ ደጋ ነው። በእኔ ዕድሜ የነበረ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ቀጭን ልጅ ነበር። የደጋ ልጅ ወባን በሰውነቱ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሲይዘው ይጠናበታል። ይህን ያኔ አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ታላላቆቹ ደረሳዎች ምች ነው አሉና ዳማ ከሴ አሹት። በማግስቱ ተሻለው፤ ተነስቶም ከእኛ ጋር ሰገደ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ጣለው። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አበሉት፤ ቁርኣን ቀሩበት። አንዱ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው ሲል፣ ሌላው፣ “አላህ ካለለት ይነሳል፤ ካላለለት የት ወስደህ ታድነዋለህ?” አለው። ይህን ሲል ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ። በአምስተኛው ቀን ይቀባዥር ጀመር፤ እናቱን ይጠራል፤ እኛን አያውቀንም። ሸኻችን ከሄዱበት ተመልሰው ሲያዩት በቃሬዛ አሸክመውን ሌሊቱን ወጣን። ፈጅር ላይ መንገድ ላይ አረፈ።

አባትየው የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። መቃብሩ አጠገብ ቆመው፣ “አልሐምዱ ሊላህ፤ የአላህ ቀደር ነው” አሉ። አፋቸው አልተንቀጠቀጠም፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የማሰላስለው አባትየው ያሉት ቃልና እኛ ከሁለት ቀን በፊት ያልነው ቃል አንድ መሆኑን ነው። ከመከራው በኋላ አባትየው ሲሉት ሰብር ነበር፤ ኢማን ነበር። እኛ ግን ያልነው ከመከራው በፊት፣ ልጁ ገና በሕይወት እያለ፣ ቃሬዛው ግርግዳ ላይ ተደግፎ እያለ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ይህን አያስተምረንም። ግመሉን ፈትቶ ይመካ ወይስ አስሮ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንደመለሱለት ቲርሚዚ ዘግበዋል። አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደም ነግረውናል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሕዝቡን ይዘው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን? ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ፤ አንደኛው ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎቹን የሚያሰማራን እረኛም ምሳሌ አድርገው አስረዱ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ በሰፊው ይገኛል።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ለቆላ ሰዎች የሚቀርበው ግን የመዲና ትኩሳት ታሪክ ይመስለኛል። ሙሃጂሮች መዲና በገቡ ጊዜ ከተማይቱ በትኩሳት በሽታ የታወቀች ነበረች። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) ታመው ወደቁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ መዲናን እንዲያስወድዳቸው፣ ጤናማ እንዲያደርግላቸውና ትኩሳቷን ወደ ጁሕፋ እንዲያዛውርላቸው ዱዓ አደረጉ። በቡኻሪ ዘገባ መጨረሻ ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መዲና ያኔ ከሁሉ የባሰች የበሽታ ምድር እንደነበረች ከተናገሩ በኋላ፣ ቡጥሓን በሚባለው ሸለቆ የሚወርደው ውሃ የተበላሸ እንደነበር ያነሳሉ። ሐዲሱ ስለ ትንኝ አይናገርም፤ ያልተባለውን ልጨምር አልደፍርም። በሽታውንና ውሃውን በአንድ ትረካ ማንሳታቸው ግን የመስጂዳችንን ደጅ እንድናይ ያደርገኛል።

ትኩሳት የሙእሚንን ኃጢአት እንደሚያራግፍ በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ፤ ለታመመ ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው። ዳሩ ግን ይህን የነገሩን ነቢይ ትኩሳቱ እንዲነሳ የለመኑት ነቢይ ናቸው። ሩቅያም ቢሆን ደሙን ከመመርመር ጋር አይጣላም። ጣቱ ተወግቶ ውጤቱ እስኪታይ ባለው ሩብ ሰዓት ውስጥ ፋቲሓን ስንት ጊዜ መቅራት ይቻላል!

ወደ አጎበሩ እንመለስ። በመጀመሪያ ማን ስሩ ይተኛ የሚለውን እናንሳ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በአገራችን በሚሊዮን የሚቆጠር አጎበር በነጻ ታድሏል፤ ስሌቱም ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ነው። ለሁሉም ከደረሰ እሰየው። ካልደረሰ ግን ቅድሚያ የእርጉዝ ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነው፤ ወባ እነሱን ይበረታባቸዋልና። አባት ሆይ፣ አጎበሩ ከአንተ አልጋ በላይ የተሰቀለው የቤቱ አለቃ ስለሆንክ ከሆነ፣ አለቅነትህ ስለ ልጆቹ ተጠያቂ ያደርግሃል እንጂ ከልጆቹ በፊት አያስጠልልህም። ሳጥን ውስጥ እንግዳ የሚጠብቀውም ይውጣ። እንግዳ ማክበር ሱና ነው፤ እንግዳው ግን በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ ትንኟ በየማታው ትመጣለች።

ስለ ትኋንም ላንሳ፤ ይህ ነገር ብዙ ቤት አለ። አጎበሩ አዲስ ሲሆን ኬሚካሉ ትኋንንም ይገድላል። ሰዉ በዚያ ይደሰታል። ከወራት በኋላ ትኋኑ ተመልሶ ሲመጣ ኬሚካሉ አልቋል፣ ጊዜው አልፏል ይልና አጎበሩን አውርዶ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። የትኋኑ መመለስ የአጎበሩ ማብቂያ ምልክት አይደለም። በጥሩ አያያዝ ሦስት ዓመት ያህል እንዲያገለግል የተሠራ ነው። አዲሱን ከፌስታሉ አውጥቶ ለአንድ ቀን ጥላ ላይ ማናፈስ ማሳከኩን ያስቀራል። ሲታጠብ በተራ ሳሙና ነው፤ በረኪና አይነካውም። የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ይጎዳዋል። ከተቀደደ ይሰፋ። ፍየል ማሰርና ገብስ መሸፈኑን በሚመለከት እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ለሰው ሕይወት ተብሎ የተሰጠ ነገር ግን አማና አይደለም የሚል ካለ ምክንያቱን ብሰማ ደስ ይለኛል። አርጅቶ ቀዳዳው የማይጠገን ከሆነ በኋላ እንኳ መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

አጎበር የማይደርስበት ሰዓትም አለ። በቆላችን የምትበዛው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ሰው እስኪተኛ የማትጠብቅ፣ ከቤት ውጭም የምትነድፍ መሆኗን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ሰዓት ይነካል። ልጆቻችን የት ናቸው ያኔ? የመስጂዱ በረንዳ ላይ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ማልበስ፣ እግር መሸፈን፣ በመስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ መምታት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

የእኛ መስጂድ ውዱእ ማድረጊያ ውሃ የሚወርደው ከኋላ ወዳለ ረባዳ ቦታ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ኩሬ ነበር። አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ወረድኩና በነጭ ሳህን ውሃውን ቀድተን አየነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ጋር ተጋድሞ ይተኛል፤ ሲነኩት ወደ ታች ይወረወራል። ሳህኑን ለሽማግሌዎቹ ሳሳይ አንደኛው፣ “ይኸን ነው እንዴ ከቤተ አላህ ጓሮ የምናረባው?” አሉና ጫማቸውን አውልቀው መቆፈሪያ ጠየቁ። በሁለት ቀን ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በድንጋይ ተሞልቶ፣ ውሃው ወደ ምድር እንዲሰርግ ተደረገ። ገንዘብ አልወጣበትም ማለት ይቻላል።

የከተማ አንባቢዎቻችን ይህ የቆላ ገበሬ ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። ከእስያና ከዐረብ ምድር የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየች፤ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህችኛዋ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ትወዳለች። የምትራባው ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝናብ ባይኖርም ወባ ይኖራል። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጥር እስከ ግንቦት 205 ታማሚ ተመዝግቦ የነበረው፣ በ2022 በእነዚያው ወራት ከ2,400 በላይ ሆነ፤ ያጠኑትም ባለሙያዎች ከዚህች ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ የውዱእ ገንዳ የሌለው መስጂድም የለም።

መፍትሔው ክዳን ነው፤ በደንብ የሚገጥም ክዳን። ክዳን ለሌለው ደግሞ እኔ ቤት የለመድነውን ልንገራችሁ። ትንኝ ከዕንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታል። ስለዚህ ዕቃውን በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ አድርጎ ግድግዳውን በብሩሽ የፈተገ ሰው ዙሯን ይበጥስባታል። እኛ ይህን ጁምዓ ጠዋት አደረግነው። ገላ የሚታጠብበት ቀን ነውና በርሜሉም አብሮ ይታጠባል፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስታውሱናል።

ስለ መድኃኒቱ ባጭሩ። ኮአርተም የሚባለው በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ላብ ወጣ፣ ራስ ምታቱ ለቀቀ ተብሎ የቀረውን ለሚቀጥለው ማስቀመጥ፣ ወይም ለጎረቤት ማካፈል፣ ሁለት ሰው ሳያድን ይቀራል። ወባ ተመላለሰብኝ የሚለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የያዘው ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሳል። ለእሱ የሚታዘዘው ፕሪማኩይን 14 ቀን ሙሉ የሚወሰድ ነው፤ እርጉዝ ሴት ግን አትወስደውም። ዓይነቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነውና ካለ ምርመራ ከሱቅ መግዛት ገንዘብንም ሰውንም መጉዳት ነው።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ወደ ልጅነቴ ዛዊያ ሄድኩ። ሸኻችን አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ። ደረሳዎቹ ዛሬም በአንድ ክፍል ሰሌን ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። ከመካከላቸው የደጋ ልጆች አሉ፤ በአነጋገራቸው ለየኋቸው።

“ሸኽዬ፣ አጎበር የለም እንዴ?” አልኳቸው።

“አለ እንጂ! ለኔና ለባለቤቴ ብለው አንድ ሰጥተውናል” አሉና ወደ መደርደሪያው ጠቆሙኝ። ኪታቦቹ በአጎበር ተሸፍነዋል። “አቧራው ሊፈጃቸው ነው፤ አለበስኳቸው።”

“ለልጆቹስ?”

ሸኽዬ ጥቂት ዝም አሉ። “ልጄ፣ መዝጋቢው ሲመጣ የቤተሰብ ብዛት ስንት ነው ይላል። እነዚህ የማን ቤተሰብ ናቸው? እዚህ እንግዳ ናቸው። አገራቸው ደግሞ ደጋ ነው፣ ወባ የለም ተብሎ አይታደልም። እዚህም አልተቆጠሩ፣ እዚያም አልተቆጠሩ።”

ይህን ስሰማ ማን ላይ እንደምፈርድ አጣሁ። መዝጋቢው የተሰጠውን ቅጽ ሞልቷል። ሸኽዬም ከነፍሳቸው ይልቅ ለኪታቡ አስበዋል። በዚያ ሌሊት ከጎኔ የተኛውን የለጋምቦ ልጅ ያልረሳሁት እኔ እንኳ በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቼ አልጠየቅሁም። ቁጭ ብለን የሁሉንም ልጆች ስም፣ ዕድሜና አገር ጻፍን። ዝርዝሩን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወሰድነው፤ እሷም ከዕደላ የተረፉትን ጥቂት አጎበሮች አወጣችልን፤ ስማቸውንም ለሚቀጥለው ጊዜ መዘገበች። ለጎደለው የመስጂዱ ጀማዓ አዋጣ። ከግርግዳ እስከ ግርግዳ ገመድ ወጥረን ሰቀልናቸው፤ ጫፋቸው ሰሌኑ ስር ይገባል፤ አንዱ ለሁለት ልጅ ነው። ማን ይቅደም ሲባል ሸኽዬ ታላላቆቹን አስነሱና ዘንድሮ ከደጋ የመጡትን ሁለት ትንንሾች አስቀደሙ።

ቅፍለታቸውን ያወቅሁት በሌላ ጊዜ ሄጄ ባደርኩ ማታ ነው። ከዒሻ በኋላ ልጆቹ ሲጋደሙ ሸኽዬ በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው ከዘራ ይዘው በመካከላቸው ያልፋሉ። ከአጎበር ውጭ የወጣ እግር ሲያገኙ በከዘራው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፤ እግሩ ይገባል። ኪታቦቹን አሁን የሸፈናቸው ባለቤታቸው ያወጡት አሮጌ ጋቢ ነው።